ስድስት ፋኖስ ለአንድ ሰው

“ከንቲባው” ይባላሉ። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ አንድም ሕዝብ ባይኖራቸው፣ ከንቲባ መባል ይበዛባቸዋል እንዴ? እሳቸውም ስቀው ተቀበሉት። እኔ የድንበር ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነኝ፤ በየወሩ ነጭ ጋዝ፣ ዱቄትና ክብሪት ጭኜ ኮረብታው ላይ ወዳለችው መንደር እወጣለሁ። መንገዱን መንገድ ብሎ መጥራት ያሳፍራል።

ኮረብታውን እኛም፣ ጎረቤት አገርም የኔ ነው እንላለን። ከሸለቆው ማዶ ባለው ኮረብታም እንዲሁ እንጨቃጨቃለን፤ እሱን ግን እነሱ ይዘውታል። ተኩስ ሲበዛ የመንደሩ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወረደ። ከንቲባው ሚስታቸውን የቀበሩት ያን ሰሞን ስለነበር እግራቸው አልነሳ አላቸው። መሥሪያ ቤታችን ይሄን ሲሰማ ደስታውን አልቻለውም። ማዶ ያሉት “ሰው የለበትም” ብለው እንዳይገቡ፣ ሲመሽ የራሳቸውን ጨምሮ በመንደሯ ስድስት ቤቶች ሁሉ እየዞሩ ፋኖስ እንዲያበሩ ቀጠራቸው።

አንድ ቀን ማዶውን እያሳዩ፣ “የእነሱ መብራት እንዴት እንደሚበራ አስተውለሃል?” አሉኝ።

“እንደማንኛውም መብራት ነዋ፣ ጋሼ።”

“አይደለም። አንዱ ይበራል፤ ሰው በእግሩ የሚደርስበትን ያህል ይቆይና ቀጣዩ። ብርድ ሲሆን ደግሞ ይዘገያል። እኔም ጉልበቴን ሲያመኝ እዘገያለሁ።”

“እና?”

“እናማ እዚያም ያለው አንድ ሰው ነው። ቢሮ እንዳትናገር! ብቻውን መሆኑን ካወቁ ያስነሱታል። ከዚያ እኔ ለማን ላበራ?”

ሰው ሲያጡ ሰው ፈጠሩ አልኩ በልቤ፤ ለእሳቸው ግን “ይሆናል” ብዬ አለፍኩ። እሳቸው ግን መጠራጠሬ ገብቷቸው ነበር።

በኋላ መንግሥታችን ወደ አንድ ትልቅ ወታደራዊ ኅብረት ልግባ ብሎ ጠየቀ። የኅብረቱ ሰዎች “የመሬት ጠብ ያለበትን አገር አናስገባም፤ ጠባችሁን እኛ ላይ አታራግፉ” አሉት። ስንት ዓመት አልፈታ ያለው ነገር በአንድ ጊዜ ተፈታ። ሁለቱ አገሮች በሁለቱም ኮረብታዎች ላይ ሰው እንዳይኖር ተስማሙ። ዘመን ሙሉ የእኛ ነው ሲባል የኖረ መሬት! አናደደኝ፣ ግን ማን ይሰማኛል።

ከንቲባውን ላወርዳቸው ወጣሁ።

“ልጅዎ ክፍል አዘጋጅታ እየጠበቀችዎ ነው” አልኳቸው።

“አውቃለሁ፣ ትባረክ። ነገ ጠዋት እንወርዳለን። ዛሬ ግን አንድ ብቻ ነው የማበራው።”

“ኧረ ጋሼ፣ በመጨረሻ ቀን ጣጣ እንዳያመጡብኝ!”

“እኔ አንድ ሰው ነኝ። እሱም ይወቀው።”

የራሳቸውን ፋኖስ ብቻ ለኩሰው ደጃፉ ላይ አስቀመጡና አጠገቡ ተቀመጡ። ሌሎቹ አምስት ቤቶች ጨለሙ። እኔም ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ማዶ መብራቶቹ እንደወትሯቸው ተራ በተራ በሩ፤ ሁሉም በሩ። የከንቲባውን ፊት ላለማየት ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ብቸኝነት በሰው ላይ አይቼ አላውቅም።

“ተመልከት” አሉኝ።

ማዶ አንዱ መብራት ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ፣ ሰው በእግሩ የሚሄድበትን ያህል ቆይቶ፣ ቀጣዩ ጠፋ። ከዚያ ሌላው። በመጨረሻ አንዲት ብቻ ቀረች፤ እሷም ከመስኮት ወጥታ እንደኛው ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

ከንቲባው አለቀሱ። እኔም ብዋሽ ምን ዋጋ አለው፣ አለቀስኩ።

“እንግባ፣ ብርድ ነው” ስላቸው፣ “እሱ ሳይገባ እኔ አልገባም” አሉኝ።

ጠዋት ዕቃቸውን ጫንኩ፤ አንዲት ሻንጣ ብቻ ነበረች። መኪናው ውስጥ ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ ዞር ብለው ማዶውን አዩና ጠየቁኝ፦

“እሱንስ የሚወስደው ሰው መጥቶለት ይሆን?”