ከሞተሩ የሚወጣው ውሃ

ሥራ የጀመርኩት ምጽዋ ነው። በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ ባልዲና የሽቦ ብሩሽ ነበር። የጀልባ መጠገኛው አለቃ ባሻይ ተኽለ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አንዲት የዓሣ ጀልባ ላይ ይዘውኝ ወጡና ሞተሩ እየሠራ ሳለ ከጀልባዋ ጎን በሚፈሰው ውሃ ስር እጄን እንዳስገባ አዘዙኝ።

«ያቃጥልሃል?»

«ኧረ አያቃጥልም።»

«እጅህ የቻለውን ሞተሩም ይችለዋል። እጅህ የሸሸ ቀን ሞተሩን አጥፋ። መጀመሪያ አጥፋ፣ ከዚያ እኔን ፈልግ።»

ጀልባ ላይ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ባሕሩ ራሱ ነው። ፖምፓው ውሃውን ከጀልባዋ ሆድ ስር ይስባል። ውሃው በወንፊት ያልፋል፣ የሞተሩን ገላ ዞሮ ሙቀቱን ይቀበላል፣ በመጨረሻም ማርሚታው ውስጥ ገብቶ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ትኩሱን ጭስ የሚያበርደው እሱ ነው። የእኔ ሥራ በየጠዋቱ ወንፊቱን ከባሕር አረም ማጽዳት፣ የፖምፓውን የጎማ ክንፍ መመርመር፣ የተበላውን የዚንክ ቁራጭ መለወጥ ነበር። ዚንኩ የሚገጠመው ጨው ብረቱን ትቶ እሱን እንዲበላ ነው። ከአጣቢነት ተነስቼ ረዳት ሞተሪስታ ለመሆን ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። በስድስቱ ዓመት በእኔ እጅ ግሎ የተበላሸ ሞተር የለም።

የአገሬ ሰው ግራዝማች ወልዱ ለንግድ ምጽዋ ሲወርዱ አገኙኝ። ሰቆጣ ላይ ወፍጮ ለመትከል ሞተር ይፈልጉ ነበር። ቀፎዋ የበሰበሰ ጀልባ ሞተሯ ሊሸጥ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ይህ ባሕር የለመደ ነው። ዋግ መጥቶ ምን ይሆናል?»

«ውሃ ካገኘ አገር አይመርጥም» አልኳቸው።

በዚህ ቃል ገዙት። ሞተሩ እስከ ኮረም በጭነት መኪና መጣ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በበጋ ብቻ የሚያሳልፍ ነበር፤ አንድ ደፋር ሹፌር በሦስት ቀን ሰቆጣ አደረሰው። ከከተማው በታች፣ ከወንዙ የተጠለፈ የመስኖ ቦይ አጠገብ ተከልኩት።

ቦዩ የብዙ ገበሬ ነው። ተራ የሚደለድሉት ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላሉ፤ በዚያን ጊዜ አያ ኪሮስ ነበሩ። «ወፍጮው ውሃ አይፈጅም፤ የወሰደውን መልሶ ቦዩ ውስጥ ይለቃል» ብዬ ያስፈቀድኩት እሳቸውን ነው።

ወፍጮው ሥራ ሲጀምር ከደሃና በኩል ሳይቀር እህል በአህያ ተጭኖ ይመጣ ጀመር። በወንፊቱ ላይ አሁን የማገኘው የማሽላ ቅጠልና የእንቁራሪት ግልገል ሆነ። ውሃው ጭቃውን የሚያዘቅጥበት ጉድጓድ ከፖምፓው በፊት ቆፈርኩ። ሁሉም ነገር በልኩ ነበር።

በሦስተኛው ወር ለተብርሃን የምትባል ጎረቤት ወፍጮ ቤት ገባች። ከእኛ በታች ባለው መደብ በርበሬ የምታለማ፣ ምድጃና እንስራም የምትሠራ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የተነቀለ የበርበሬ ችግኝ እግሬ ስር ጣለች።

«መርከበኛው! ባሕርህን ትተህ የመጣኸው እኔን ልታሰጥም ነው?»

«ምን ሆነ፣ እትዬ?»

«እስቲ አሽትተው። ናፍታ ናፍታ የሚል በርበሬ በልተህ ታውቃለህ?»

አሸተትኩት። እውነቷን ነበር። ወጥቼ ከሞተሩ በሚፈሰው ውሃ ስር እጄን አስገባሁ። ሙቀቱ ደህና ነው። እጄን ሳወጣ ግን በጣቶቼ መካከል ከጭሱ ጋር የሚወጣ ጥቁር ቅባት አየሁ። ምጽዋ ሳለሁ ይህን በየቀኑ አየው ነበር፤ ሱሪዬ ላይ ጠርጌው እሄዳለሁ። ሞተሩን ሰቆጣ ስተክል አንድ ብሎን ሳላዛንፍ ልክ እንደ ጀልባው ገጥሜው ነበር፤ በዚያም እኮራ ነበር። ባሕር ላይ ግን ከጀልባ በስተኋላ የሚኖር ጎረቤት የለም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ኪሮስ ገበሬዎቹን ሰበሰቡ። እርስ በርሳቸው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ተነጋገሩ። የነሱ ልጅ መሆኔን እያወቁ ፍርዱን ለእኔ በአማርኛ ነገሩኝ፣ ለባዕድ እንደሚነገረው።

«ስምንት ቀን ሰጥተንሃል። ውሃው እንደገባ ካልወጣ ቦዩን በወፍጮህ በኩል እደፍነዋለሁ።»

ግራዝማች ተቆጡ። «ለአውራጃው ገዥ አመለክታለሁ! ቦዩ ላይ አንድ ወታደር ማቆም ነው!»

«ወታደር ውሃውን ያስለቅቅልን ይሆናል፤ ናፍታውን ግን አያወጣልንም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሞተሩን ማቆም። ሰባት ቀን።»

ወፍጮ ቤቱን ቆልፈው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ላኩልኝ።

ሥራው በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ውሃውንና ጭሱን ማለያየት። ውሃው ወደ ማርሚታው የሚገባበትን ቀዳዳ ከበርሚል በቆረጥኩት ላሜራ ደፈንኩት። ከሞተሩ ገላ የሚወጣውን ውሃ በራሱ ቱቦ አውጥቼ ሁለተኛ ጉድጓድ ውስጥ አስገባሁት። ጭሱን ብቻውን በግድግዳው አሳልፌ ወደ ላይ አቆምኩት። ሞተሩን ሳስነሳው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የጭሱ ቱቦ ፍም መሰለ፤ አጠገቡ ያለው የባሕር ዛፍ ምሰሶም መጨስ ጀመረ። አጠፋሁት።

ቱቦውን በጭድ ባቦካሁት ጭቃ ለበጥኩት። ተሰነጣጥቆ ወደቀ። ደግሜ ለበጥኩት፤ ደግሞ ወደቀ። በአምስተኛው ቀን ለተብርሃን በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እሳቱን እያለበስኩት።»

«በቤት ጭቃ? ምድጃ ሠርተህ አታውቅም?»

«ጀልባ ላይ ምድጃ የለም።»

«ኤዲያ! ገል ይፈልጋል። የተሰበረ እንስራ ሰብስበህ ውቀጠው፣ ንፋው፣ ከሸክላ አፈር ጋር አቡካው። የፍየል ጠጉር ጨምርበት። ከዚያ በስስ በስሱ ደራርብ፤ የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛውን አትጫንበት።»

ግራዝማች ከውጭ ሰምተው ኖሮ ብቅ አሉ። «ገሉን በእኔ ወፍጮ እንዳትፈጩት!»

«አይዞዎት ጌታዬ፣ ሙቀጫ አለኝ» አለቻቸው።

ራሷ ወቀጠችው። ለምን እንደምትረዳኝ ጠየቅኳት።

«ላንተ መሰለህ? ወፍጮው ቢዘጋ ድንጋይ ላይ ተደፍቼ የምፈጨው እኔ ነኝ። በርበሬዬንም እፈልጋለሁ፣ ዱቄቴንም እፈልጋለሁ።»

ሦስት ድርብ ለበጥንና በቀስታ እሳት አደረቅነው። በስምንተኛው ቀን ሞተሩን ከማለዳ ጀምሬ አሠራሁት። እኩለ ቀን ላይ ልባጡ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ብቻ ነበሩ። ምሰሶው ቀዝቃዛ ነው።

አያ ኪሮስ ገበሬዎቹን አስከትለው መጡ። የጋቢያቸውን ጫፍ በሚወጣው ውሃ ነክረው ወደ ፀሐይ አነሱት። ነጭ ነበር። ከዚያ በቅል ቀድተው ሰጡኝ።

«ጠጣ።»

ጠጣሁ። እሳቸውም ተጉመጠመጡና ተፉት።

«ብረት ብረት ይላል። ናፍታ አይልም። ግን ይሞቃል።»

«ጉድጓዱ ውስጥ ሲቆይ ይበርዳል፣ አያ።»

«እሱን በርበሬው ይነግረናል» አለች ለተብርሃን ከኋላ። ሰው ሳቀ።

አያ ኪሮስ ግን አልሳቁም። «ውሃው ይቀጥል። ከዛሬ ጀምሮ ቦይ ሲጠረግ አካፋ ይዘህ ትመጣለህ። ይህን ውሃ የነካ ሁሉ ይጠርጋል።»

ግራዝማች በእኔ ምትክ የቀን ሠራተኛ እንደሚልኩ ተናገሩ።

«የለም ግራዝማች፤ እሱ ይምጣ። ሠራተኛው ሞተሩን አያውቅም» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ወፍጮውን ዐሥራ አንድ ዓመት አሠራሁት። ወንፊቱን በቀን ሁለት ጊዜ አጸዳለሁ። በሞተሩ ገላ ውስጥ የሚጋገረውን የኖራ ቅርፊት በየዓመቱ በአቼቶ አሟሟለሁ። ዚንኩን ከፍቼ ሳየው የወንዙ ውሃ ጨው ስለሌለው እንደገጠምኩት ሆኖ አገኘሁት፤ ሌላ ማዘዝ ተውኩ። የቱቦውን ልባጥ ክረምት ሲወጣ ለተብርሃን ታድሰዋለች። በዐሥራ አንዱ ዓመት ሞተሩ በሙቀት ምክንያት አንድ ቀንም አልቆመም። ቦይ ሲጠረግም አንድ ጊዜ እንኳ አልቀረሁም፤ የድርሻዬ ርዝመት ከወፍጮው በር እስከ በርበሬው መደብ ነበር።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ይህን ነው። ሞተር የምትተክሉ ከሆነ፣ ከመትከላችሁ በፊት የሚወጣውን ውሃ ተከትላችሁ እስከ መጨረሻው በእግራችሁ ሂዱ። እዚያ የሚኖር ሰው ካለ ስሙን ጠይቁ።