በመሳቢያ የተቆለፈ ማህተም

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ለሰፈራችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኜ ተመረጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት ነኝ እንጂ ሕግ አልተማርኩም። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አዳራሽ ውስጥ ቆመን፣ በሕግ እንጂ በማንም ትእዛዝ እንደማንፈርድ ማልን። ቃለ መሐላውን ያስፈጸመን የቀበሌው ኃላፊ አጨበጨበልን።

በሁለተኛው ወር ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ አንዲት ባልቴት ከሰሱ። ጎረቤታቸው አዲስ ቤት ሲሠራ መውጫቸውን በግንብ ዘግቶባቸዋል። በጓሮ በኩል ቦይ ተሻግረው ሲወጡ ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ሄደን አየን፤ መንገዱ የጋራ እንደነበር ጎረቤቶች መሰከሩ። ግንቡ ይፍረስ ብለን ሦስታችንም ፈረድን።

የቀረው ማህተም ነበር። ማህተሙ ደግሞ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል።

«እትዬ፣ ይቺን ነገር ትንሽ እናቆያት» አለኝ።

«ለምን ሲባል?»

«ሰውየው በልማቱ ብዙ የሚያግዘን ነው። ባናስቀይመው ጥሩ ነው።»

«ተፈርዷል እኮ!»

«ማህተሙ ያለው እኔ ጋ ነው» ብሎ ፈገግ አለ።

«ያን ቀን ያስማልከን አንተ አይደለህም?» ብዬ ጮህኩበት።

«እሱ እኮ ሥነ ሥርዓት ነው» አለኝ፣ ልጅ እንደሚያባብል።

ለባልደረቦቼ ስነግራቸው አንዱ መሬት መሬት አየ። ሌላው «ልጄ እዚሁ ቢሮ ነው የምትሠራው» አለኝ። እኔ ግን ሦስታችንም የፈረምንበትን ውሳኔ ይዤ፣ ከባልቴቷ ጋር ወደ ከተማው ፍርድ ቤት ሄድኩ። ሰባት ወር ተመላለስን። እጃቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ወንበር ላይ ሲያንቀላፉ ባየሁ ቁጥር ተነስቼ ተራችን መቼ እንደሚደርስ ጸሐፊዋን እጠይቅ ነበር።

በመጨረሻ ትእዛዙ ወጣ። ፖሊስ ቆሞ ግንቡ በአንድ ጠዋት ፈረሰ። ባልቴቷ ግን አልነበሩም፤ እጃቸው ልብስ መጭመቅ ስላቃተው ቤቱን ለቀው ልጃቸው ጋ ገብተዋል። ደወልኩላቸው።

«ተከፈተልዎት!»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉ። «አሁን ማን ሊሄድበት?»

የዳኝነት ዘመኔ ሲያበቃ ማንም እንደገና አልጠራኝም። ኃላፊውን አዲሱ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ አልፎ አልፎ አገኘዋለሁ። ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፤ አልመልስለትም።