ቆርቆሮ አናጋሪው

የልጅ ልጆቼ ናቸው «እማየ፣ ስለዚያ ሣጥን ንገሪን» ብለው የያዙኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ አፌ እንደመጣለት ሲዞር ትልቋ ልጅ እየተከተለች ትጽፋለች፣ ስደጋግም ደግሞ «ይኸንስ ቅድም ብለሽዋል» ትለኛለች። ነገሩን የቀሰቀሰው ባጃጅ ነው። ባለፈው ሰሞን ንፋስ መውጫ ላይ ሦስት ሰውና አንድ ጆንያ ጤፍ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ሞተሩ ድምፁን ለውጦ እንደ ደከመው በሬ ማቃሰት ጀመረ፤ ያን ድምፅ ስሰማ ሁለት እጄ ሳላዘው ጭኔ ላይ ተጨበጠ፣ ትከሻየም ጠበቀ። «ምነው እማየ፣ ቁርጥማቱ ተነሣ?» አሉኝ። «አይ፣ የዚያ ሣጥን መዘውር ትዝ ብሎኝ ነው» አልሁ። ከዚያ ወዲህ መውጫ አጣሁ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው ጋራ ጫፍ ላይ ነበረ። አንድ ዓመት መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ መንገድ ቀያሾች መጡና፣ ባለ ሦስት እግር መነጽራቸውን በየማሳው እየተከሉ፣ ችካል እየቸከሉ፣ ከግቢያችን አጠገብ የቆርቆሮ መጋዘን ሠርተው አባቴን ዘበኛ አደረጉት። አባቴ ፈንታሁን ነው ስሙ፣ አገሩ አያ ፈንታ ይለው ነበር። መኸሩ ሲገባ ቀያሾቹ ሰፈራቸውን ነቅለው ወደ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ሲሄዱ፣ አካፋና ድንኳናቸውን እንዲጠብቅ ትተውት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕና አርብ ጠዋት፣ ደኅንነቱን እንዲነግራቸው አንድ ያረጀ የመነጋገሪያ ራዲዮ ሰጡት። «እኛ አዲስ መጥቶልናል፣ ይኸ ላንተ ይበቃሃል» አሉት።

አረንጓዴ የብረት ሣጥን ነበር፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ከእኛ በፊት ስንቱን አገር እንደዞረ የማይታወቅ። ከጣሪያው እስከ ባሕር ዛፉ ጫፍ ረጅም ሽቦ ተወጥሮለታል። በሁለት ጆሮ የሚደፋ ማዳመጫ አለው፤ ሲጫኑት የሚናገሩበት፣ ሲለቁት የሚሰሙበት መናገሪያም አለው። የባትሪ ድንጋዩ ካለቀ ቆይቶ ስለነበር ኃይል የሚሰጠው በእጅ የሚዞር መዘውር ነው። መዘውሩ በሦስት እግር የቆመ፣ እንደ በቅሎ ኮርቻ ያለ መቀመጫ ያለው፣ ግራና ቀኝ እጀታ ያለው ነበር። እዚያ ላይ የምቀመጠው እኔ ነበርሁ። አባቴ አንድ እጁ ከመናገሪያው፣ አንድ እጁ ከቁልፎቹ ስለማይነቀል፣ እናቴም ታናሽ ወንድሜን ምትኩን አዝላ ስለማይመቻት፣ መዘውሩ ለእኔ ደረሰ። ሳዞረው ያፏጫል፣ ሣጥኑም ሲሞቅ የተቃጠለ አቧራና የሰም ሽታ ይሸታል፤ ምትኩ ያን ሽታ ይወድድ ነበርና ከእናቴ ጀርባ ሆኖ አፍንጫውን ወደ ሣጥኑ ያሾል ነበር።

«መጋዘን ነኝ፣ መጋዘን ነኝ፣ ይሰማል? ችካሉ አለ፣ ድንኳኑ አለ፣ አካፋው አለ። ተቀበል» ይላል አባቴ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ልክ ታቦት ፊት እንዳለ። መልሱን የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። እናቴ ከደጅ ሆና «ለእኔ ሦስት ቃል የሚሰስት ሰው ለቆርቆሮ ሠላሳ ይናገራል!» ትል ነበር። ጎረቤቶቻችን ለመሳቅ ይሰበሰባሉ፤ ልጆቹ በጨዋታ መሐል «ተቀበል! ተቀበል!» እየተባባሉ ይሯሯጣሉ። የዚያን ጊዜ ሁሉም ሳቅ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር አስቸግሮኝ ነበር። አባቴ መናገሪያውን ተጭኖ ሲናገር መዘውሩ ድንገት እንደ ክረምት ጭቃ ይይዘኛል፣ ሲለቀው ደግሞ ባዶ ሆኖ ይቀለኛል። አንድ ቀን «አባየ፣ ሲናገሩ ይከብደኛል፣ ዝም ሲሉ ይቀለኛል» አልሁት። «ቃሌ ከባድ ነው እንዴ!» ብሎ ሣቀ። እናቴ ደግሞ «ስንፍናሽ ነው» አለች። ስንፍናየ ነው ብየ እኔም አመንሁ።

በጋው ገፍቶ ሁዳዴ ሲገባ ኩፍኝ ወረደ። መጀመሪያ የጎረቤታችን የእቴ ያልጋ ልጅ ተኛች፣ ከዚያ እንደ ቋያ እሳት ከቤት ቤት እየዘለለ ሄደ፣ ምትኩም ዓይኑ ቀልቶ፣ ሰውነቱ ሽፍ ብሎ ተኛ። በእኛ አገር ያን ጊዜ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከደጅ አይወጣም ነበር፤ ንፋስ አይነካውም፣ ፀሐይ አያየውም፣ መርፌማ ጨርሶ ጠላቱ ነው ይባል ነበር። በጨለማ ክፍል ተጋርዶ ወጥቶለት እስኪያልፍ ይጠበቃል። ያልፍላቸዋል፤ የማያልፍላቸውም አሉ።

ረቡዕ ጠዋት አባቴ መዘውሩ ላይ አስቀመጠኝና ስለ ችካሉም ስለ ድንኳኑም አንድ ቃል ሳይናገር «ልጆች ሊያልቁ ነው፣ ሐኪም ላኩልን» ማለት ጀመረ። እንዲያ ሲለምን ሰምቼው አላውቅም። ብዙ ተናገረ፣ መዘውሩ ያለወትሮው ከብዶኝ ክንዴ ዛለ፣ «አባየ ደከመኝ» ብየ አለቀስሁ፣ እሱ ግን አልሰማኝም፣ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ወደ ጆሮው ተጭኖ ወለሉን ያያል። ከዚያ ፊቱ ሲበራ አየሁ። ማዳመጫውን አውልቆ ወደ ደጅ ሮጠ። «አርብ ጠዋት በመኪና ሐኪም እናመጣለን፣ መኪናው ከመታጠፊያው አያልፍምና ልጆቹን እዚያ አድርሱልን አሉ!»

መታጠፊያው ማለት የተጠረገው መንገድ የሚያበቃበት፣ ንፋስ ከአራት ማዕዘን የሚመታው አፋፍ ነው። ማን ኩፍኝ የያዘውን ልጁን እዚያ ያወጣል? «አያ ፈንታ፣ ጤና የለዎትም?» አሉት። እቴ ያልጋ «ልጄን ለንፋስ አልሰጥም» ብላ በሯን ዘጋች። አባቴ ከበራፏ ቆሞ «ያልጋ፣ ምትኩን ቀድሜ የማወጣው እኔ ነኝ። የገዛ ልጄን ነፍስ ይዤ እዋሻለሁ?» አላት። ያን ጊዜ ከፈተችለት። እናቴም እያለቀሰች ምትኩን በጋቢ ጠቅልላ ሰጠችው።

አርብ ጠዋት መታጠፊያው ላይ ነበርን። እናቶች ጀርባቸውን ለንፋስ ሰጥተው፣ ልጆቻቸውን ሆዳቸው ላይ ሸሽገው፣ በነጠላ ላይ ነጠላ ደርበው ተቀመጡ። አባቴ ድንጋይ ላይ ወጥቶ መንገዱን ያያል። አቧራ በተነሣ ቁጥር «ያውላችሁ!» ይላል፤ አቧራው የአህያ ይሆናል፣ ወደ አርብ ገበያ የሚወርድ ገበያተኛ። ገበያተኛው እኛን አይቶ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ለቅሶ መስሎት። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ ዘቀዘቀች። መኪናው አልመጣም። እናቶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ሲሄዱ አባቴ ድንጋዩ ላይ እንደቆመ ነበር።

ምትኩ እሑድ አረፈ። የእቴ ያልጋ ልጅ ሰኞ ተከተለችው፣ ሌላም አንድ ልጅ ነበረ። ከቀብር ስንመለስ እናቴ መቀነቷን እያጠበቀች፣ ሳትጮህ፣ «አንተ ነህ ለንፋስ የሰጠኸው» አለችው። ከዚያች ቀን ወዲያ ስሙን ጠርታው አታውቅም።

በሚቀጥለው አርብ የአጥቢያው ቄስ መምሬ አድማሱ ሽማግሎች አስከትለው ወደ ግቢያችን መጡ። ሰው ሁሉ ተከትሏቸዋል። «አያ ፈንታ፣ ልንፈርድ አይደለም የመጣን፣ ልንሰማ ነው። ጥራልን» አሉ። አባቴ እኔን መዘውሩ ላይ አስቀምጦ ቀጥ ብሎ ቆመ። «መጋዘን ነኝ፣ መጋዘን ነኝ፣ ይሰማል? ተቀበል።» ሲጫነው ይይዘኛል፣ ሲለቀው ይቀለኛል። ዝም። ደገመው። ሰባት ጊዜ ያህል ጠራ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርድ ነበር። በመጨረሻ ማዳመጫውን ለመምሬ ሰጣቸው፤ እሳቸውም ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ደፉት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ምን ይላል አባ?» አለ አንዱ።

«ሹ… ይላል። ንፋስ ነው።»

«ልጄን የወሰዳት ንፋስ እዚያ ውስጥ ነው ያለ በሉኛ!» አለች እቴ ያልጋ። የሣቀ አልነበረም።

መምሬ ወደ እኔ ዞሩ። ደግ ሰው ነበሩ፣ ድምፃቸውም ለስላሳ ነበር። «ልጄ ውዴ፣ መዘውሩን የምታዞሪ አንቺ ነሽ። በዚያ ረቡዕ ሰው ሲመልስለት በጆሮሽ ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም አባ።»

«ታዲያ ሣጥኑ ሕይወት እንዳለው በምን ታውቂያለሽ?»

አባቴ አየኝ። እናቴም አየችኝ። «እኔ እንጃ» አልሁ።

መምሬ ጥምጥማቸውን መልሰው እየጠመጠሙ፣ «እንግዲህ ሣጥኑ ሬሳ ነው። ሰውየውን ዋሸ አልለውም። ሰው ሲጨንቀው ያልተባለውን ይሰማል፣ ይኸው ነው» አሉ። ዋሸ ቢሉት ይሻለው ነበር። ውሸታም ንስሐ ይገባል፤ ያልተባለ የሚሰማን ሰው ግን ምን ያደርጉታል?

ክረምቱ ገብቶ አገሩ ሁሉ ለአረም በወንፈል ሲጠራራ አባቴን የጠራው የለም፤ ማሳችንን ብቻችንን አረምነው። የማኅበሩ ጽዋ ተራችን ሲደርስ ቤታችንን አልፎ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ። ስሙም ተለወጠ፤ «ቆርቆሮ አናጋሪው» ሆነ፣ እኔም የቆርቆሮ አናጋሪው ልጅ። ቀያሾቹ ተመልሰው አልመጡም፣ ከመካነ ኢየሱስም ተነሥተው ወዴት እንደሄዱ የነገረን የለም፤ ሣጥኑ እዚያው ቀረ፣ የእኛ ሆነ። አባቴ ከዚያ ወዲያ መዘውሩ ላይ አስቀምጦኝ አያውቅም። ግን ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ሣጥኑን በጨርቅ ይወለውለው ነበር፣ ሽቦውም በንፋስ ሲበጠስ ባሕር ዛፉ ላይ ወጥቶ ይቀጥለው ነበር። እናቴ ይኸን ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

ተዳርሁ፣ ወለድሁ። አባቴ በታመመ ጊዜ ልጠይቀው ሄጄ፣ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቆ፣ «ውዴ፣ አንቺስ?» አለኝ። ምን እንደጠየቀኝ ገብቶኛል። «ይተዉት አባየ፣ ያለፈ ነገር ነው» አልሁት። ራሱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሌላ አልጠየቀኝም፤ በሳምንቱ ቀበርነው። ለቀብሩ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር።

ዛሬ ለኩፍኝ መርፌ የምትወጋው ልጅ እስከ ደጃችን ትመጣለች፣ እናቶች ሕፃን አዝለው በሰልፍ ይጠብቋታል፣ ንፋስ ነው የሚላት የለም። ዛሬ ሁሉም ሰው ከቆርቆሮ ጋር ያወራል። ንፋስ መውጫ መንገድ ዳር ተቀምጬ አያለሁ፦ ብቻውን እጁን እያወናጨፈ፣ «ሄሎ፣ አይሰማም፣ አይሰማም» እያለ የሚጮህ ሞልቷል። ጥምጥሙን አውልቆ ምን እንደሚሰማ የሚመረምረው ሽማግሌ የለም። «አዩ፣ አባየ?» ብየ የምነግረው አባቴ ግን የለም።

እናቴም ካረፈች በኋላ ቤቱን ስናራግፍ ሣጥኑና መዘውሩ ከእህል ጎታው ጀርባ ወጡ፣ ልጆቹም ብረቱ ለሆነ ነገር ይጠቅመው እንደሁ ብለው ንፋስ መውጫ ራዲዮ ለሚጠግነው ለጋሽ ሰይድ ወሰዱለት። እኔም ተከተልሁ። ጋሽ ሰይድ በወታደርነቱ ዘመን እንዲህ ያለውን ራዲዮ ተሸክሞ የዞረ ሰው ነው፤ ሲያየው እንደ ወንድሙ ልጅ አቅፎ ሊስመው ምንም አልቀረው።

«እናቴ፣ ይኸን ማን ነበር የሚያዞር?»

«እኔ ነኛ። አጥንቴን የሰበረኝ እሱ ነው።»

ሣቀ። «ሲያወሩበት ይከብድዎት ነበር?»

«እንዴታ! ሲናገሩበት እንደ ጭቃ ይይዘኛል፣ ዝም ሲሉ ይቀለኛል። ስንፍናየ ነው ይሉኝ ነበር።»

«ስንፍና አይደለም» አለኝ፣ እጀታውን በመዳፉ አቧራውን እየጠረገለት። «ድምፁን ወደ ሩቅ የሚገፋው የርስዎ ክንድ ነበር። የሚከብደው ድምፁ ሲወጣ ነው። ሣጥኑ ሞቶ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ቢጮኹበትም አይከብድም ነበር።»

መኪናው ለምን እንደቀረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ረቡዕ ግን ክንዴ እስኪዝል ከብዶኝ ነበር።