የማዳም አገር በሦስት ስም

ሙስካት ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ስለማስተምር፣ የሚያውቁኝ ሰዎች ካርታ የሚያስፈልገው ነገር ሲገጥማቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት የመጣችው በዕድሜ ታላቄ የሆነች የጎንደር ወዳጄ ነበረች። አል ቡስታን አካባቢ የአንድ ፈረንሳዊ ቤተሰብ ልጆች ትጠብቃለች። ቤተሰቡ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሊመለስ ስለሆነ «አብረሽን ነይ» ብለዋታል፤ መልሷን እስከ አርብ ይጠብቃሉ።

«የሚወስዱኝ ቦታ ስሙ አንድ አልሆን አለኝ» አለችኝ። «ማዳም ክሩዝ ትላለች። ባሏ ሊሙዛን ይላል። የሰጡኝ የውል ወረቀት ደግሞ ኑቬል አኪቴን ይላል። ስንት ቦታ ነው የሚያዞሩኝ?»

ደስ አለኝ። ከተማሪዎቼ አንዱም እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ሳነብ ሰንብቼ አርብ ጠዋት ባሕሩ ዳር ተገናኘን፤ ኮምፒውተሬንም ከፈትኩ።

«ሦስቱም ትክክል ናቸው። ክሩዝ ዲፓርትማ ነው፤ በእኛ ዞን ብትይው ይቀርባል። ስሙን ያገኘው እዚያ ከሚያልፈው ወንዝ ነው። ከአብዮታቸው በፊት አብዛኛው መሬት ማርሽ የሚባል ግዛት ነበር።»

«አራተኛ ስም መጣ!»

«ቆይ እታለም። ሊሙዛን ክልሉ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎረቤቶቹ ጋር ተዋሕዶ ኑቬል አኪቴን ተባለ።»

«ታዲያ ሰውየው የፈረሰ ክልል ምን ብሎ ይጠራል?»

«የእኛስ ሰው እስከ ዛሬ በአውራጃው ይጠራ የለ?»

ፈገግ ስትል የገባት መሰለኝና ምሳሌ ጨመርኩ። መጀመሪያ ኦማን ስትመጣ ደላላው ሙስካት ብሏት ከከተማው ርቃ ባለችው ቁሪያት የዓሣ አጥማጆች ሰፈር እንደጣላት ነግራኝ ነበር። «ቁሪያትም እኮ በአስተዳደር ሙስካት ናት» አልኳት።

ፈገግታዋ ጠፋ። «እና ደላላው እውነቱን ነው በይኛ!»

በካርታው መሠረት አልዋሸም፤ እሷ ግን ተታልላለች። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ስናገር ለራሴም እየተምታታብኝ ሄደ።

«እሱን ተይው» አለች። «የመኖሪያ ፈቃዴን የሚሰጠኝ የቱ ቢሮ ነው? የከፋኝ ቀን የት ነው የምሄደው?»

«ፕሬፌክቱር ይባላል። የዲፓርትማው ዋና ከተማ ጌሬ ውስጥ ነው። ዲፓርትማዎቹን ሲከፍሉ እንኳ ሰው ሁሉ ከቤቱ ተነስቶ በአንድ ቀን በፈረስ ዋናው ከተማ እንዲደርስ አስበው ነው ይባላል።»

«ፈረሱንስ ማን ይሰጠኛል?»

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ስልኳን አውጥታ ማዳም ጋ ደወለችና ድምፁን እኔም እንድሰማ ከፍ አደረገችው። ዓረብኛም እንግሊዝኛም በቀላቀለው በዚያ በቤታቸው ቋንቋ፣ ከመንደሩ ብቻዋን ጌሬ መድረስ ትችል እንደሆነ ጠየቀቻት። ማዳም በደግ ድምፅ መለሰች፦ መንደሩ ጸጥ ያለ፣ አየሩም ግሩም ነው፤ አውቶቡስ ግን ማፊ፣ የሚባል የለም። በፈለገችው ቀን ራሷ በመኪና ታደርሳታለች።

«ሹክረን ማዳም» ብላ ዘጋችው። «ኻላስ። አልሄድም።»

«እንዴ! ሴትየዋ እኮ ጥሩ ሰው ናት። አደርስሻለሁ አለች!»

«ጥሩ ናት። ግን እሷን ለመክሰስ ብፈልግ በእሷው መኪና ልሂድ?»

ማዳም የሚያስከስስ ነገር አድርጋ አታውቅም፤ ይህን ወዳጄም ታውቃለች። «አውሮፓ እኮ ነው እታለም» አልኩ።

«አንቺ ሂጂያ! ከነአራት ስሙ አጥንተሽዋል» አለችና አሸዋውን ከቀሚሷ አራግፋ ተነሳች። የምትቀልድ ይሁን የተቀየመችኝ አልለየሁም። ለማዳም ፊት ለፊት ልንገራት ብላ ወደ ቤቱ ስትሄድ፣ እኔ ካርታውን አስፍቼ በመንደሩና በጌሬ መካከል ያለውን አረንጓዴ ቦታ ለረጅም ጊዜ አየሁት።