የማይሸት ኮረሪማ

ዛሬ ጠዋት መርካቶ ቅመም ተራ አንድ ጆንያ ኮረሪማ ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ ምንም አልሸተተኝም። ጉንፋን የያዘኝ መስሎኝ ነበር።

የጋሽ ሸረፋን ፊት ሳይ ግን ጉንፋን እንዳልሆነ ገባኝ። ባልትና ቤቴን ከከፈትኩ ጀምሮ ኮረሪማ የምገዛው ከሳቸው ነው።

ልማዳቸውን አውቃለሁ። ዋጋ ሳያነሱ በፊት አንዱን ፈልፍለው ፍሬውን ይነክሳሉ፤ ከዚያ ጭኖ የመጣውን ሾፌር "ከየትኛው ጫካ ነው?" ይሉታል። ጫካውን በስሙ ካልጠራላቸው አይገዙም።

ዛሬም ጠየቁ።

"ጋሼ፣ የቱ ጫካ ቀረና?" አላቸው ሾፌሩ።

ኮረሪማ የትልቅ ዛፍ ጥላ ካላገኘ አይሆንለትም። ዛፉ ለእርሻ ተመንጥሯል፤ በተረፈችው ቁራጭ ጫካ ደግሞ ሰዉ "ሌላው ሳይቀድመኝ" እያለ ሳይበስል ይለቅመዋል አለን።

"ጥሬውን የሚለቅሙት እኛ ስለምንገዛ ነው" አሉና ጆንያውን በገዛ እጃቸው መልሰው አሰሩት። "ውሰደው!"

ሾፌሩ አልተከራከረም። ሁለት ሱቅ አለፍ ብሎ አወረደው። እዚያ ስለ ጫካ የጠየቀው የለም።

እኔ? "ጎሽ ጋሼ፣ እንዲህ ነው እንጂ!" ብዬ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። ከዚያ የደንበኞቼ ትዕዛዝ ትዝ አለኝና ሁለት ሱቅ አለፍ አልኩ።

አስጭኜ ስመለስ ጋሽ ሸረፋ አዩኝ።

ጆንያው ይኸው አጠገቤ ነው። አፍንጫዬን ብደፋበትም አይሸትም።

እናንተስ፣ እያለቀ መሆኑን እያወቃችሁ የገዛችሁት ነገር አለ? ንገሩኝ እስቲ፤ ብቻዬን አልሁን።