ለዘጠኝ ቀን በዓል የተመለሰ ወተት

አገሬ ላይ ሁለት ጊዜ በፖለቲካ ስለታሰርኩ ክፍሉን ሳየው አልደነገጥኩም። ጥገኝነት ጠይቄ እጄን በሰጠሁ በሦስተኛው ሳምንት ኦሮራ ከተማ ያለው የስደተኞች ማቆያ አስገቡኝ። አራት አልጋ አለው፤ በረኪና በረኪና ይሸታል። እስር ሸሽቶ እስር ቤት መግባት ያደክማል።

ሁለት ሰዎች ቀድመውኛል። አንዱ አማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ፣ ሌላው ዝምተኛ ሕንዳዊ። መጋቢት ላይ አንድ ማለዳ ሕንዳዊው ታጥቦ፣ አንበሳ ላይ የተቀመጠች ባለ ብዙ እጅ አምላክ በእርሳስ ሣለና በጥርስ ሳሙና ግድግዳው ላይ ለጠፋት። በዓሏ ዘጠኝ ቀን እንደሆነ፣ እስከዚያ እንደሚጾም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገረኝ።

እኛም ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን። ጾም ማን ያስተምረኛል ብዬ፣ በምሳ ሰዓት ጠባቂው ሳያይ ወተቱን ከፊቱ አንስቼ ዳቦዬን ጨመርኩለት። ሁለት ቀን እንዲሁ አደረግኩ። እሱም ሁለት ቀን አንገቱን ደፍቶ ምንም ሳይበላ ዋለ። በሦስተኛው ቀን «ወንድሜ፣ ወተቱን ብትተውልኝ» አለኝ። ለካ የእነሱ ጾም እህል ይከለክላል፣ ወተት ይፈቅዳል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጠባቂው ግን ያልተነካውን ትሪ ሲመዘግብ ነበር። ሦስተኛው ቀንም ከተመዘገበ የረሃብ አድማ ይባልና ሰውየው ለብቻው ይዘጋበታል፤ በዓሉም እዚያው ያበቃል። ወተት ብቻ መጠጣት እንደ መብላት አይቆጠርም። ምግብ መለዋወጥ ደግሞ ክልክል ነው።

«ተው ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው። «ኬስህ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሪፖርት ካደረጉህ ዳኛው ፊት ምን ልትል ነው?»

«አባባ፣ ጾመኛውን ያስራብኩት እኔ ነኝ።»

«እሱ እንደሆነ ቅር አላለውም።»

«እኔን ቅር ብሎኛል።»

ጠባቂው እያየ ወተቴን ለሕንዳዊው ሰጠሁ፤ ዳቦውንና ሩዙን ወሰድኩ። «ሁለታችንም ጾመኞች ነን» አልኩት። «እሱ ያንን፣ እኔ ይህንን ነው የምንበላው።» ጠባቂው ባዶዎቹን ትሪዎች አየና በእሱ ፋንታ የእኔን ስም ጻፈ። በቅጣት ሳምንት ሙሉ ወደ ግቢ አልወጣሁም፤ ፀሐይ አልሞቅኩም።

በዘጠነኛው ቀን ሕንዳዊው፣ አገሩ ቢሆን የሰፈሩን ትንንሽ ሴት ልጆች ሰብስበው እግራቸውን አጥበው እንደሚያበሏቸው ነገረኝ። ያን ቀን አምላክ እነሱ ናቸው።

«ሴት ልጅ አለህ?»

ከመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ፎቶዋን አወጣሁ። ከገባሁ ጀምሮ ላያት አልደፈርኩም ነበር።

«ጫማ አድርጋለች» አልኩት።

«ግድ የለም።» ጣቱን ውኃ ነክሮ ጫማዋን ዳሰሰ፤ ብርቱካን ፊቷ አኑሮ በግንባሩ ተደፋ። ከዚያ «አንተ ብላላት» አለኝ። እያለቀስኩ በላሁ።

በወሩ ወደ አገሩ መለሱት። እኔ ጥገኝነቱን አገኘሁ፤ ልጄ አሁን ግሌንዴል አብራኝ ናት፤ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ዳውንታውን ፓርኪንግ ስጠብቅ ቆሜ ውዬ ስመለስ፣ ዛሬስ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ይደክመኛል። አይቷት የማያውቅ ሰው አንድ ቀን እስር ቤት ውስጥ እንደሰገደላት እስካሁን አታውቅም።