የእናቴ የጾም ቫይታሚን

እናቴ መታጠቢያ ቤት ወድቃ የእጇ አንጓ የተሰበረው ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሐኪሙ አጥንቷ መሳሳቱን ነገረኝ። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ካልወሰደች በሚቀጥለው ውድቀት የሚሰበረው ዳሌዋ ነው፤ በእሷ ዕድሜ ደግሞ ከዚያ መነሣት ያስቸግራል አለኝ። ፀሐይ አንሷታል ሲለኝ ሳቄ መጣ። ድሬዳዋ ተቀምጦ ፀሐይ ማጣት! ግን እውነቱን ነው፤ ሙቀቱን ሸሽታ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤቷ መስኮቱን ዘግታ ነው የምትውለው።

የታዘዘላት ብልቃጥ ላይ ዓሣ ተሥሎበት ነበር። ገና ስታየው መለሰችልኝ። ከፋሲካ በኋላ እወስደዋለሁ አለች። የንስሐ አባቷ መጥተው መድኃኒት ጾም እንደማይሽር ቢመክሯትም፣ እሱ ለደካሞች ነው ብላ ዝም አሰኘቻቸው። ግድግዳ ይዛ እየሄደች እኮ ነው።

ሃምሳ አምስት ቀን። በየቀኑ ስልኬ ሲጮህ ወደቀች ሊሉኝ ይመስለኝ ነበር። ከሳቢያን እስከ መጋላ በባጃጅ እየዞርኩ ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ ፈለግሁ። ጠብ ያለልኝ ነገር የለም። በመጨረሻ አንድ ሶማሌ ባለሱቅ አረንጓዴ ቅጠል የተሣለበት ብልቃጥ አወረደልኝ። ከእንስሳ የመጣ ነገር የለበትም ወይ አልኩት።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ሐላል ነው፤ አትስጊ» አለኝ።

እኔ እዚሁ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሐላል ማለት የጾም ማለት እንዳልሆነ፣ በሬም በወጉ ከታረደ ሐላል እንደሆነ ልጅ እያለሁ አውቃለሁ። እሱ አልዋሸኝም። ደክሞኝ ስለነበር መስማት የፈለግሁትን ሰማሁ።

እናቴ ግን ደስ ብሏት ጠዋት ጠዋት አማትባ ትውጠው ጀመር። ብልቃጡ ሲያልቅ ሌላ ላገኝ ባዶውን ይዤ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። መድኃኒት የምትሸጠው ልጅ ደቃቁን ጽሑፍ አንብባ፣ ውስጡ ያለው ዘይት ከዕፅዋት፣ ለስላሳው ሽፋን ግን ከከብት ቆዳና አጥንት እንደተሠራ ነገረችኝ። ሽፋኑም የጾም የሆነ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኋት። አዲስ አበባ ካልተገኘ እዚህ የለም አለች። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ዘንድ ደወልኩ፤ እዚያም ጠፋ። በራሴ ተናደድኩ፤ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ሌላ መላ ስላጣሁ ወደ ባለሱቁ ተመልሼ ያንኑ ገዛሁ።

በማግሥቱ እናቴ ጤነኛ እጇን ዘረጋችልኝ። እንክብሉን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

«የጾሙ ነው አይደል?» አለች።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ሌላ ሰው ቢያመጣልኝ አልውጠውም ነበር።»

አማተበች። ውኃውን አቀበልኋት።